አውትቦክስ ውስጥ የቀረችው ደብዳቤ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኢሜይል ነው። አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ሳለ ስለ ላፕቶፕና ስለ አውትሉክ የሚያወራ ሰው ሥራ የፈታ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አንዲት መምህርት በዚህ ጣጣ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አምልጧታል። ዕድሉ እንዲያመልጣት ካደረጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ የእኔ ምክር ነው። ይህንን እስካሁን ለሰው አልተናገርኩም፤ ዛሬ ልናገረው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ። ሰው ላፕቶፑን ታቅፎ ይገባና «ኢሜይሌ እምቢ አለኝ» ይላል። «እምቢ አለኝ» ውስጥ ሃያ ዓይነት በሽታ አለ። አንዱ አይገባለትም፣ ሌላው ይገባና አይልክለትም፣ ሌላው ደግሞ የላከው የት እንደደረሰ አያውቅም። የመጨረሻው ነው ከሁሉ የሚብሰው፤ ምክንያቱም ሰውየው መታመሙን ራሱ አያውቅም።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቀጥሎ የመጡትን ወራት እዚህ የነበረ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እኔ አልዘረዝራቸውም። ለእኔ ሥራ ትርጉሙ ይህ ነበር፦ በስልክ ዳታ ኢሜይል ማየት ቀረ፣ በቋሚ መስመር የሚሠሩ ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ኢንተርኔት ነበራቸው። ከነሱ አንዱ ውስጥ የማውቀው ሰው ነበረኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ፣ የራሳቸው ሥራ ቀለል ሲል፣ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ለሃያ ደቂቃ ያህል ገብቶ እንዲያገናኝ ይፈቅድልኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ለስንት ሰው? ወረፋው ደጅ ድረስ ነበር።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ብራውዘር ከፍቶ ጂሜይል ውስጥ ገብቶ፣ አንብቦ፣ አስቦ፣ መልስ ጽፎ፣ ፋይል አያይዞ መላክ አይቻልም። ገጹ ራሱ ተከፍቶ እስኪያልቅ ግማሹ ያልቃል። ያኔ ነው ሁላችንም የተውነው የጥንቱ የኢሜይል ፕሮግራም ትዝ ያለኝ፤ አውትሉክ፣ ተንደርበርድ። እነዚህ ላፕቶፑ ላይ የሚጫኑ ናቸው። መስመር ሲያገኙ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ያወርዳሉ፣ የተጻፈውን ይልካሉ፤ ከዚያ መስመሩ ቢሄድም ቤትህ ተቀምጠህ ታነባለህ፣ ትጽፋለህ። የጻፍከው አውትቦክስ በሚባለው ቦታ ቀጣዩን መስመር ይጠብቃል። በእኛ አገር ፖስተኛ ቤት ለቤት አይዞርም፤ ፖስታ ቤት ድረስ ሄደህ ሳጥንህን ትከፍታለህ፣ የመጣልህን ይዘህ፣ የጻፍከውን ጥለህ ትመለሳለህ። ሥራው ልክ እንደዚያ ነው።

ለኢትዮጵያ ነገሩ አዲስ አይደለም። ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ኢሜይል ግን ከዚያ በፊትም አዲስ አበባ ውስጥ ነበረ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በሚባለው የመረጃ ክፍሉ በኩል ፊዶኔት የተባለ ዘዴ ይጠቀም ነበር። ተጠቃሚው ደብዳቤውን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ይጨርሳል፣ በሞደም ይደውላል፣ ያስረክባል፣ የመጣለትን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል። ኮሚሽኑ ዘንድ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ የተሰበሰበውን በረጅም ርቀት ስልክ ወደ ውጭ ይልካል። መስመር ውድና ብርቅ ስለነበር ሁሉም ነገር የተሠራው ለተቆራረጠ መስመር ነበር። በ2016 ዓ.ም. እኛ ማርቆስ ላይ ተቀምጠን ወደዚያ ዘመን ተመለስን። ልዩነቱ እነሱ የጀመሩት ስለሌላቸው ነው፤ እኛ የነበረን ቀርቶብን ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ሰው ሁሉ አውትሉክ ወይም ተንደርበርድ አስተካክልለት ጀመር። ብዙ ሰው ተጠቀመበት። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ትንሽ ኩራት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም።

መምህርቷ የመጣችው በኅዳር ነው፣ ከሉማሜ። ባዮሎጂ ታስተምራለች። ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር አመልክታ ነበርና «ተቀብለንሻል፤ መምጣትሽን እስከ ዲሴምበር 15 አረጋግጪ» የሚል ኢሜይል እንደመጣላት ያየችው እኛ ጋ በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። ዲሴምበር 15 ማለት ታኅሣሥ 5 ነው። ደስታዋን አልረሳውም፤ ጮክ ብላ እንዳትስቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የሚሞላ ቅጽ ነበረው፣ ከትምህርት ቤቷ የሚጻፍ ደብዳቤም ነበረው፣ ስለዚህ እዚያው መመለስ አልቻለችም። ላፕቶፗ ላይ አውትሉክ አስተካከልኩላትና እንዲህ አልኳት፦ «ቤትሽ ሆነሽ ጻፊ፣ አያይዢ፣ ላክ የሚለውን ተጫኚ። አውትቦክስ ውስጥ ይቀመጥልሻል። ከዚያ እዚህ ይዘሽው ስትመጪ ራሱ ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ ቢጠፋብኝስ?» አለችኝ።

«አይጠፋም። ካላመንሽ ማታ ማታ ከፍተሽ እዪው» አልኳት።

«ከፍተሽ እዪው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 24 ጻፈችና ላክ አለች። ደብዳቤው አውትቦክስ ገባ። ማታ ማታ እየከፈተች ታነበዋለች፤ ስሟ ልክ ነው? ቅጹ ተያይዟል? ታየውና ትዘጋዋለች። ከዚያ ወደ ማርቆስ መጣች። እኔ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ሄጄ መንገድ ተዘግቶብኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያለው ልጅ አስገባት፣ ላፕቶፑ ተገናኘ፣ አዲስ የመጡ ኢሜይሎች ግር ብለው ገቡ። የሷ ደብዳቤ ግን አውትቦክስ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ልጁም «መስመሩ ደካማ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል» አላት። ሳይመሽ ሚኒባስ መያዝ ስለነበረባት ተነሥታ ሄደች። ማታ ከፈተችው፣ አለ። በሳምንቱ ተመለሰች፤ ያው ሆነ። እኔ ተመልሼ ያገኘኋት ታኅሣሥ 14 ነው።

ላፕቶፑን ሳይ ገባኝ። በጥንቱ አውትሉክ አንድ ሰው ነግሮህ ካልሆነ የማታውቀው ጠባይ አለ። ለመሄድ የተዘጋጀ ደብዳቤ አውትቦክስ ውስጥ ርዕሱ በሰያፍ ፊደል ይታያል። ያን ደብዳቤ ከፍተህ አይተህ ብቻ ከዘጋኸው ፕሮግራሙ «ሰውየው ሊያርመው ነው» ብሎ ያስባል፤ ከሚሄዱት ሰልፍ ያወጣዋል። ሰያፉ ይጠፋል፣ ፊደሉ ቀጥ ይላል። እንደገና ላክ የሚለውን ካልተጫንክ በቀር እዚያው ይኖራል፤ መስመሩ የፈለገውን ያህል ፈጣን ቢሆን አይሄድም። የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ ምልክት የለም። መምህርቷ ደብዳቤዋን በየማታው ባየችው ቁጥር በየማታው ታስቆመው ነበር። እንድታየው የነገርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከፈትኩት፣ ላክ ተጫንኩ፣ በአርባ ሰከንድ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ ጨዋ መልስ ነው። ቀኑ ስላለፈ ቦታው በተጠባባቂነት ለነበረ ሰው እንደተሰጠ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ብታመለክት ደስ እንደሚላቸው ይላል። አንብባ «እሺ» አለች፣ ሌላ አልተናገረችም። ያደረገችውን አስረዳኋት፤ የእኔን ምክር ግን ያን ቀን አልጠቀስኩትም። በኋላ ነው የነገርኳት። «እርስዎማ ለእኔ ብለው ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም በሽታዎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አብዛኛው የፕሮግራሙ ብልሽት አይደለም። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ መስመር ያለው፣ ሰዓቱ የማይሳሳት፣ በፈረንጅ ቀን የሚኖር፣ ስልክ ቁጥሩ የማይለወጥ ሰው አስቦ የተሠራ ነው። እኛ ደግሞ እንደዚያ አይደለንም።

የቀኑን ነገር ልንገራችሁ፣ ትንሽ ያስቃል። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ትልቅ ሰው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ኢሜይላቸው ሊገናኝ ሲል «የምስክር ወረቀቱ አይታመንም» የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ያመጣል።

«ጋሼ፣ ላፕቶፑ ላይ ዓመቱን ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ቀኑ ይጠፋበታል፣ እሞላዋለሁ።»

«ስንት ብለው?»

«2016 ነዋ! ዓመቱ ስንት ነው አንተ ዘንድ?»

እውነታቸውን ነው፤ ዓመቱ 2016 ነበር። ላፕቶፑ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያስብ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል። የኢሜይል አገልጋዩ ኮምፒውተር ማንነቱን የሚያሳይበት መታወቂያ አለው፤ መታወቂያው የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ያሳየው በፈረንጅ 2023 የተሰጠ ነው። 2016 ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ይህን ሲያይ «ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል። በዚያ ላይ የጋሼ ላፕቶፕ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱም ሦስት ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውስጡ ያለችውን ትንሽ የሰዓት ባትሪ መለወጥ፣ ቀኑን በፈረንጅ መሙላት፣ የሰዓት ቀጠናውን ማስተካከል። ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባን አትፈልጉ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ ናይሮቢን ምረጡ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ናይሮቢ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታዘን?» አሉኝ።

የይለፍ ቃል ነገር ከሁሉ በላይ ሰው ያስለቅሳል። ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጂሜይል በተራ ስምና ፓስወርድ ብቻ ከውጭ ፕሮግራም መግባትን ለአብዛኛው ተጠቃሚ ዘግቷል። የቆየ አውትሉክ ያለው ሰው ፓስወርዱን ትክክል ይሞላል፤ ፕሮግራሙ መልሶ ይጠይቀዋል፤ ይሞላል፣ ይጠይቀዋል። ሰውየው «ፓስወርዴ ተበላሸ» ብሎ ይለውጠዋል፤ ያኔ ስልኩም ላይ ይወጣበታል፣ አዲሱንም ይረሳዋል፣ ጭራሽ ከቤቱ ውጭ ይቀራል። እባካችሁ ፓስወርድ ለመለወጥ አትቸኩሉ። በአዲስ ተንደርበርድ ከሆነ በብራውዘር መስኮት በኩል እንድትገቡ ይጠይቃችኋል፣ እሱ በቂ ነው። ለአሮጌው አውትሉክ ግን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከፍታችሁ ከጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የሚሆን ባለ 16 ፊደል ልዩ የይለፍ ቃል ታወጣላችሁ። ዊንዶውስ 10 ላይ የነበረችውን ሜይል የምትባል ፕሮግራም የምትጠቀሙ ደግሞ አትድከሙ፤ ማይክሮሶፍት በፈረንጅ 2024 መጨረሻ አቁሟታል።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ስንል ግን ሌላ ቁስል ይነካል፤ ኮዱ በማን ስልክ ነው የሚመጣው? በገጠር ከተሞች ብዙ ሰው ኢሜይል ያወጣው ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ፣ ለሥራ ማመልከቻ ተብሎ፣ በካፌው ልጅ ስልክ ቁጥር ነው። ልጁ አሁን የት አለ? አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዱ አረብ አገር ነው፣ አንዱ ሲሙን ጥሎታል። ኢሜይሉ ላይ የዲግሪ ቅጂ፣ የሥራ ውል፣ ዘመድ የላከው ሰነድ አለ። ቁልፉ ግን የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ጉግል በበኩሉ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት መሰረዝ የሚያስችለውን ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ለለንደን ሰው ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ቆይቷል፤ ደንቡ ያኔ ሥራ ላይ ስላልነበረ እንጂ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አስቡት። ስለዚህ ዛሬውኑ ግቡና ስልክ ቁጥሩ የራሳችሁ መሆኑን እዩ። ኢንተርኔቱ አለ፤ ነገ ይኖራል ብሎ የሚምል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

ስለ ፋይል ውፍረትም አንድ ነገር ልበል። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያይዞ አይልክም፤ የተያያዘ ፋይል ደግሞ በጉዞ ላይ ሲሆን በሲሶ ያህል ይወፍራል። ስካን ቤቶች (እኔንም ጨምሮ፣ ድሮ) ዲፕሎማውን በ600 ነጥብ በቀለም ስካን አድርገን እናስረክባለን፤ ያማረ ይመስለናል። በ200 ቢደረግ በግልጽ ይነበባል፣ ነጥቡም በዘጠኝ እጥፍ ያንሳል። ወፍራም ፋይል አውትቦክስ ውስጥ ሲሰነቀር ከኋላው ያሉትም እንዲቆሙ ሊያደርግ ይችላል፤ ጠባብ መንገድ ላይ እንደተበላሸ አይሱዙ ማለት ነው።

መብራት በመሀል ሲጠፋ የአውትሉክ ማኅደር ፋይል የተበላሸበት ሰውም ይመጣል። ተስፋ አትቁረጡ፤ ፋይሉን መጀመሪያ ቅጂ አድርጉ፣ ከዚያ ስካንፒኤስቲ የምትባለውን አብራ የምትመጣ መጠገኛ አስነሡ። ቅጂ ሳታስቀሩ ግን አትንኩት።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ቀነ ገደብ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች፣ የአገር ውስጡም የውጩም፣ ኢሜይል ስልክ ይመስላቸዋል፤ ከላኩ ደርሷል፣ ካልመለሰ አልፈለገም። ላኪው ደረሰ ብሎ ያምናል፣ ተቀባዩ አልመጣም ብሎ ይሰርዛል፣ ሁለቱም ቅን ናቸው። «ደርሶናል» የምትል አንዲት ቃል መመለስ ስንት ሰው ታድን ነበር! የዚያች መምህርት ዩኒቨርሲቲ ከቀኑ በፊት አንድ ጊዜ «እስካሁን አልመለስሽም» ብሎ ቢጽፍላት፣ ሲገናኝ ግር ብለው ከገቡት ኢሜይሎች ጋር ይህም ይገባና እንዳልሄደ ትረዳ ነበር። መስመሩን ዘግቶ ሕዝቡ እንደ ወትሮው በሰዓቱ እንዲገኝ የሚጠብቅ አሠራር ደግሞ ያው ነው፤ ያኛው ባለማወቅ ነው፣ ይኸኛው እያወቀ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለፖለቲከኞችና ለጋዜጠኞች ብቻ የሚቋረጥ የሚመስላቸው ሰዎች አውትቦክስ ቆጥረው አያውቁም።

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ለሚመጣ ሰው ተንደርበርድ አስተካክላለሁ፤ ነፃ ነው። መስመር ሳይኖር የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ ፕሮግራሙን ከመስመር ውጭ እንዲያደርገው፣ ከዚያ «በኋላ ላክ» የሚለውን (ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንተር) እንዲጫን አሳየዋለሁ። ኢሜይሉን ስናስገባ ሙሉ መልእክቱን ከነአባሪው ወደ ላፕቶፑ የሚያወርደው ምርጫ መበራቱን አብረን እናያለን፤ አለዚያ ቤቱ ሄዶ ርዕስ ብቻ ያነባል። መስመር ሲያገኝ «ያልተላኩትን ላክ» ይላል። ከመነሣቱ በፊት አውትቦክሱ ባዶ መሆኑን፣ ደብዳቤው «የተላኩ» ውስጥ መግባቱን አብረን እናረጋግጣለን። ባዶ ካልሆነ ሚኒባሱ ይሂድ፤ ማደሪያ እንፈልጋለን። ማየት ከፈለገ ደግሞ ቅጂውን ለይተን በሌላ ቦታ እናስቀምጥለታለን፣ እሱን እየከፈተ ይይ።

ሱቄ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ «አውትቦክስ ውስጥ ያለ ደብዳቤ አይከፈትም።» ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የሚመጡ ተማሪዎች ያነቡትና ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁኛል። አንዳንዴ እነግራቸዋለሁ፣ ሥራ ሲበዛብኝ ዝም እላለሁ።

መምህርቷ አሁንም ሉማሜ ናት። ዘንድሮ ለሌላ ቦታ አመልክታለች። የላከችው እዚሁ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ነው፤ መልሱ ገና አልመጣም።